ጫፍ ያዧና ንቧ

በዚያ ሳይት ላይ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ትልቁም ትንሹም «እትዬ ጫፍ» ነው የሚላት። ሥራዋ የሜትር ጫፍ መያዝ ነዋ። ፎርማኑ ጥቅልሉን እየዘረጋ ወደ ማዶ ይሄዳል፤ እሷ ጫፉን ይዛ ነጥቡ ላይ ቁጢጥ ትላለች። የማያውቅ ሰው አይቷት፣ «ይቺማ ምን ሥራ ናት? ድንጋይ ቢጭኑበትስ ያው አይደል?» ይል ይሆናል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያላት ሰው ግን ሁለተኛ አይደግማትም።

«ድንጋይማ አይጠየቅም» ትለዋለች። «ቤቱ የጠመመ ቀን ማንን ልትጠይቅ ነው?»

ፎርማኑም ቢሆን ስሙ ቀርቶ ቱንቢ ነው የሚባለው። ቱንቢ መቼም ታውቃላችሁ፤ ግንበኛ የግድግዳውን ቀጥታ የሚያይበት፣ በክር የተንጠለጠለ ብረት ነው። ሰውየውም እንደዚያው ነው። ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ቀጥ ብሎ ይናገራል፤ ጎንበስ ቀና ብሎ ሰው ማስደሰት አያውቅም። ልኩ ትክክል ሲሆንለት የሚናገራት አንዲት ቃል አለችው፦ «ይቆፈር።» ይህችን ቃል ሳይናገር በዚያ ሳይት ላይ አካፋ መሬት አይነካም።

ሁለቱ አብረው ብዙ ቤት ተክለዋል፤ ሜትራቸውም አብሯቸው አርጅቷል። ጫፉ ላይ የነበረችው ቀለበት ከተበጠሰች ቆይታለች። መጀመሪያ ላይ ያሉት ቁጥሮችም ተፍቀው አልቀዋል። ሌላ ሰው ቢሆን አውጥቶ ይጥለው ነበር። እነሱ ግን መላ አበጁለት። እሷ አውራ ጣቷን አሥር ቁጥር ላይ አድርጋ ነጥቡ ላይ ትጫናለች፤ እሱ ማዶ ሆኖ ያነብና ከቁጥሩ ላይ አሥር ሳንቲ ይቀንሳል። ሲቀንስ ታዲያ ዝም ብሎ አይደለም፤ «አሥር ለእትዬ» ይላል። እንደ ቀልድ ተጀምራ የሥራ ቋንቋ ሆና ቀረች። አዲስ የመጣ ሠራተኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው ይህችን ነው።

እትዬ ጫፍ አንዲት ልጇን ያሳደገችው በዚህ ሥራ ነው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በቀጥታ ወደ ሳይት ትመጣና የጡብ ክምር ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። እናቷ ወገቧን ሲያማት ደግሞ ደብተሯን ታስቀምጥና ጫፉን ትይዝላታለች፤ በዚያች ቀጭን ጣቷ፣ አሥር ላይ። ታዲያ ቀን ሄዶ ቀን ሲመጣ ያቺ ልጅ ተምራ ቀያሽ ሆነች። ቀያሽ ብቻም አይደለች፤ በድሮን የምትቀይስ ሆነች።

የዚህ ወግ ነገር የሚጀምረው እሷ መሣሪያዋን በሁለት ሻንጣ ይዛ እናቷ የምትሠራበት ሳይት በር ላይ የወረደች ጠዋት ነው።

የሚሠራው ጤና ጣቢያ ነው። አንዱ ክንፉ ቀጥ ያለ፣ የምርመራ ክፍሎች በተርታ የሚቆሙበት ነው። ሌላው ደግሞ ነፍሰ ጡሮች ተራ የሚጠብቁበት ክብ አዳራሽ ሲሆን፣ መሐሉ ላይ አንድ ትልቅ ዛፍ አለ። ፕላኑን የነደፈው ሰው ዛፉን ወዶት፣ አዳራሹን እንደ መቀነት ዙሪያውን አዞረበት። በወረቀት ላይ ያምራል። መሬት ላይ ሲመጣ ግን ጣጣ ነው። ክብ ግድግዳ ለማውጣት የድሮው ዘዴ መሐሉ ላይ ችካል ተክሎ፣ ሲባጎ አስሮ፣ ጫፉን ይዞ መዞር ነው። እዚህ መሐሉ ላይ የቆመው ችካል ሳይሆን አምስት ሰው ተቃቅፎ የማይከበው ግንድ ሆነ።

ኢንጂነሩ ብዙ ሲያስብ ከርሞ ነበር። በዚያን ዕለት ጠዋት ሁሉንም ሰብስቦ ነገሩን ቁርጥ አደረገው።

«መጀመሪያ ቀጥ ያለውን ክንፍ ድሮኗ ነጥብ ትጣልበት። ቱንቢ በሜትር ይለካው። ልክ ከሆነ ክቡንም እሷው ታውጣው፣ ዛፉ ይቀመጣል። ልክ ካልሆነ ግን ልጅቷን አመስግነን እንሸኛለን። ዛፉ ይቆረጥና በሲባጎ እንሠራለን።»

ባለ መጋዙ ከሌላ ሰፈር ተጠርቶ መጥቶ፣ መጋዙን በጆንያ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ሊቆርጠው ከመጣው ዛፍ ሥር በጥላው ይዝናናል። እትዬ ጫፍ እሱን አይታ ፊቷን ወደ ልጇ አዞረች። የዛፉ ነገር አይደለም ያስጨነቃት፤ ዛፉማ ዛፍ ነው። ልጇ በሰው ፊት «አመስግነን እንሸኛለን» ስትባል ለማየት አቅም አልነበራትም።

ልጅቷ ሻንጣውን ከፈተች። ድሮኗ አራት ክንፍ ያላት፣ በሆዷ የቀለም ጣሳ ያዘለች ነገር ናት። ሠራተኛው ሁሉ አካፋውን ተደግፎ ከበባት።

«ጫጩት ያላችሁ ግቡና ክደኑ» አለ አንድ ግንበኛ። አፍ ዳገት አይፈራም የሚባለው ለዚህ ሰው ነው።

«አንተን አንስታ እንዳትሄድ እንጂ» አለችው እትዬ ጫፍ። «ከጫጩት በምን ትበልጣለህ?»

ድሮኗ እምምም እያለች ተነሳች። ወዲያው ስም ወጣላት፤ ንቧ ተባለች። ከፍ ብላ ትሄዳለች፣ ቦታዋ ስትደርስ ቀስ ብላ ወደ መሬት ዝቅ ትላለች፣ ቀለሟን ፊጭ አድርጋ ቀይ ነጥብ ትጥላለች፣ ደግሞ ትነሳለች። ጉድጓድ የሚቆፈርበት፣ ኮለን የሚሉት የሲሚንቶ ምሰሶ የሚቆምበት ልብ ልቡ ላይ። እነ ቱንቢ ችካል እየመቱ፣ ሲባጎ እየወጠሩ፣ ከፀሐይ ጋር እየተጋፉ የሚውሉበትን ሥራ ልጅቷ ሪሞቷን ይዛ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ቆማ ትሠራው ጀመር። እናቷ ጀርባዋን አየችው። ቀጥ ያለ ነው። የጎበጠ ነገር የለበትም። በዚህ ሥራ እንዲህ ያለ ጀርባ አይታ አታውቅም።

ንቧ ለማረፍ ስትመለስ እትዬ ጫፍ ጠጋ አለች።

«እኔ ምልሽ የኔ ልጅ፣ የሷን ጫፍ ማን ነው የሚይዝላት?»

ሠራተኛው ሳቀ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ባዶው ቦታ ላይ የተከለቻትን ባለ ሦስት እግር መሣሪያ በእጇ አሳየቻት።

«ያቺን አየሻት እማዬ? ንቧ ሰማይ ላይ የት እንዳለች አጥርታ የምታውቀው በሷ ነው። እሷ ንቅንቅ ሳትል ቆማ ‹እኔ እዚህ ነኝ› ትላታለች፤ ንቧ ከዚያ ተነስታ ትቆጥራለች። እሷን ሰው ገፍቶ ካነቃነቃት ነጥቡ ሁሉ አብሮ ይሳሳታል።»

«እና ጫፍ ያዥ ናታ።»

«ጫፍ ያዥ ናት።»

«ሦስት እግር አላት፣ ወገብ የላት፤ ታድላ» አለች እትዬ ጫፍ። ሰው ሳቀላት፣ እሷም ሳቀች። ውስጧን ግን አንድ ነገር ቆንጠጥ አደረጋት፤ ከደስታውም ነው፣ ከሌላውም ነው።

ነጥቡ ተጥሎ ሲያልቅ ተራው የቱንቢ ሆነ። ቱንቢ ወደ መጋዘን ገብቶ ወጣና በላስቲክ የታሸገ አዲስ ሜትር ይዞ መጣ። በጥርሱ ላስቲኩን ቀደደው። ጫፉ ላይ የምታብረቀርቅ ቀለበት አለችው።

«በተቆረጠ ሜትር ሰው ላይ አይፈረድም» አለ። «ለልጅሽ ብዬ ነው ያስወጣሁት።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ጫፉን ተቀበለችው። የመጀመሪያው ነጥብ ላይ ቁጢጥ አለች። ዐይኗ ያለው ልጇ ላይ ነው፤ እጇ ብዙ ዘመን የሠራውን ሥራ ራሱ ያውቀዋል።

ቱንቢ ሁለተኛው ነጥብ ላይ ደርሶ ወጠረ። በፕላኑ ከኮለን ኮለን አምስት ሜትር ነው። ቱንቢ አነበበ። ደግሞ አነበበ።

«አምስት ሜትር ከአሥር» አለ።

ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ለኩ።

«አምስት ሜትር ከአሥር።»

«ንቧ እግሯን ሰፋ አድርጋ ነው የምትራመደው» አለ ግንበኛው። የሳቀለት ሰው ግን አልነበረም።

ኢንጂነሩ ሄልሜቱን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። ለሕንፃ አሥር ሳንቲ ቀላል ነገር አይደለም፤ ኮለኑ አንድ ቦታ፣ በላዩ የሚጋደመው ቢም ሌላ ቦታ ይቀራል። ባለ መጋዙ ነገሩ ገብቶት ጆንያውን መፍታት ጀመረ። ቱንቢ ደስ እንዳላለው ፊቱ ላይ ይነበባል፤ ግን ቱንቢ ነው፣ ያየውን ከማለት ወደኋላ አይልም።

እትዬ ጫፍ ከተቀመጠችበት ልጇን አየቻት። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ሁለቱን ቁጥር በልቧ እያገላበጠች ነበር። ከዚያ ረጋ ባለ ድምፅ፣

«ጋሼ ቱንቢ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ላስቸግርዎት። ከመጀመሪያው ነጥብ በቀጥታ እስከ ሦስተኛው ይለኩልኝ» አለች።

«አሥር ሜትር ከሃያ ነዋ የሚመጣው። ሁለት ጊዜ ተሳስቶ የለ?»

«ቢሆንም ይለኩልኝ።»

እትዬ ጫፍ ወደ መጀመሪያው ነጥብ ተመልሳ ጫፉን ያዘች። ቱንቢ ዘረጋ፣ ወጠረ፣ አነበበ። ቅንድቡ ከፍ አለ።

«አሥር ሜትር ከአሥር።»

ሃያ መሆን የነበረበት ስህተት አሥር ሆነ። የራቀውም አሥር፣ የቀረበውም አሥር። የተሳሳተው ነጥቡ ቢሆን ስህተቱ ከርቀቱ ጋር እየተደራረበ ይሄድ ነበር። ልጅቷ ወዲያው ዐይኗን ከቱንቢ አንስታ በተዘረጋው ሜትር ላይ እያስኬደች መጣችና እናቷ እጅ ላይ አሳረፈችው። አንድ አፍታ። ከዚያ በእሳት እንደተነካ ሰው ዐይኗን መለሰችው። አፏን ከፍታ ነበር፤ ዘጋችው።

«ምንድነው?» አላት ኢንጂነሩ።

«ምንም። እኔ… መሣሪያውን ደግሜ ልፈትሸው። ጥፋቱ ከኔ ሳይሆን አይቀርም» አለች፤ ይህን ስትል የጆሮዋን ጫፍ ነካ ነካ አደረገች።

እናት ልጇን ታውቃለች። ያቺ ልጅ ገና ጡብ ላይ ተቀምጣ ፊደል ከምትቆጥርበት ጊዜ ጀምሮ፣ ያልሆነውን ሆነ ስትል ጆሮዋን ትነካለች። እትዬ ጫፍ ልጇ አይታው ወደሸሸችው ነገር ዐይኗን ጣለች። ሜትሩ አዲስ ነው። ቀለበቱ ከነጥቡ ወደ ኋላ አልፎ መሬት ላይ ተጋድሟል፣ ያበራል። አውራ ጣቷ ግን እንደ ድሮው፣ እንደ ሁልጊዜው፣ አሥር ቁጥር ላይ ፍንክች ሳይል ተቀምጧል።

ክው አለች።

አሮጌው ሜትር ቢሆን ኖሮ ቱንቢ ይቀንሰው ነበር። አዲስ ነው ብሎ አልቀነሰም። እሷም አዲስ መሆኑን በዐይኗ እንጂ በእጇ አልሰማችውም። ልጇ ነገሩን አግኝታዋለች። አግኝታ ዝም አለች። እናቴ በሰው ፊት ከምታፍር እኔ ልሸኝ አለች።

ጣቷን ብድግ ብታደርገው ማንም አያይም። ነፋስ ነው፣ መሬቱ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ደግመን እንለካ ብላ ቀለበቱን ነጥቡ ላይ ብታደርገውስ ማን ይጠይቃታል? ይህ ሁሉ ባንድ ትንፋሽ በልቧ አለፈ። ግን ያ ለሰው ሁሉ የምትመልሰው መልስ መጣባት። ድንጋይማ አይጠየቅም። እሷ ድንጋይ አይደለችም።

«ቱንቢ» ብላ ተጣራች። «ና እስቲ ወዲህ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም። ጣቴን ሳላነሳ ናና እይልኝ። አንተም ኢንጂነር ና። ሁላችሁም ኑ።»

መጡ። ቱንቢ፣ ያ ለማንም የማይጎነበሰው ሰው፣ ጉልበቱን ይዞ ጎንበስ አለና ጣቷን አየ። ብዙ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል።

«አሥር ለእትዬ» አለ ቀስ ብሎ።

ነገሩ የገባው ሠራተኛ ለጎረቤቱ አንሾካሾከ፣ ጎረቤቱም ለጎረቤቱ፤ ወዲያው ሳይቱ በሳቅ ተናጋ።

«ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» አለ ግንበኛው እንባውን እየጠረገ። «ንቧን ስናማ የነደፈችን እትዬ ኖራለች።»

«እጅ ከፍንጅ ተይዣለሁ፤ ምን ልበል» አለች እትዬ ጫፍ። «ጥፋቱ የጣቴ ነው። ልጄ የጣለችው ነጥብ ልክ ነው።»

«ጥፋቱስ የጋራ ነው» አለ ቱንቢ። «አዲስ ሜትር አቀብዬሽ ‹ከቀለበቱ ያዢ› ያላልኩሽ እኔ ነኝ። እጅሽን እንደራሴ እጅ ስለማምነው ዞር ብዬም አላየሁት።»

ልጅቷ እናቷ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ትከሻዋን ያዘቻት። እትዬ ጫፍ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አይተሽ ነበር አይደል?»

ልጅቷ ጆሮዋን ልትነካ እጇን አነሳችና መልሳ አወረደችው።

«ለምን አልተናገርሽም ታዲያ?»

«እንዴት ብዬ እማዬ? በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት ነዋ። ልክ ነገር የሚነገረው በሰው ፊት አይደል እንዴ? ነገ እኔ የሌለሁበት ሳይት ላይ ሰው ላለማሳፈር ብለሽ የጠመመ ቤት ልታስቆሚ ነው?» ተቆጣቻት። ተቆጣቻት እንጂ ደረቷ ውስጥ ያለውን ነገር ማን በነገራት። ልጇ አሥሩን ሳንቲ ከሰማይ ሳይሆን ከሁለት ቁጥር ፈልቅቃ አገኘችው። ደግሞ የእናቷን ገመና ለመሸፈን የድካሟን ፍሬ ልትጥል ነበር። በየትኛው እንደምትኮራ ቸገራት፤ ሁለቱንም ያዘችው።

እንደገና ተለካ። በዚህ ጊዜ እትዬ ጫፍ ቀለበቱን ነጥቡ ላይ አደረገች። ያንን የለመደ አውራ ጣቷን ደግሞ በሌላው እጇ ጨብጣ ያዘችው፣ አመል እንዳያወጣባት።

«አምስት» አለ ቱንቢ። ሄደ። «አምስት።» ሄደ። ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው። «አሥር።» ክንፉ እስኪያልቅ ድረስ እየለካ ሄደ፤ አንዱም ዝንፍ አላለም። መጨረሻው ነጥብ ላይ ሲደርስ ቀና አለና ሜትሩን ጠቀለለ። ሁሉም ከቱንቢ አፍ የሚወጣውን ይጠብቃል። ኢንጂነሩም ሳይቀር።

«ይቆፈር» አለ።

አካፋው ሁሉ ባንድ ጊዜ ተነሳ።

ከምሳ በኋላ ንቧ ወደ ዛፉ ዞረች። ከቅርንጫፎቹ ውጭ ውጭውን፣ ቅጠሉን ሳትነካ፣ እየበረረች እየወረደች ቀይ ነጥቧን ትደረድር ጀመር። ሲባጎ የማይደርስበትን፣ መሐሉን ሳትጠይቅ። እትዬ ጫፍ ባለ ሦስት እግሯ አጠገብ ቆማለች። ማንም አላዘዛትም። ግን ያንን ሁሉ አሸዋ የሚገፋ፣ ጡብ የሚሸከም ሰው መሐል፣ አንድ ቀዥቃዣ መጥቶ ቢገፋትስ?

«ወዲያ በል፣ ወዲያ» ትላለች። «እሷ ከተነቃነቀች ቤቱ ተነቃነቀ ማለት ነው።»

«እትዬ፣ ለብረት ዘበኛ ቆምሽ?» አላት ግንበኛው።

«የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ አርፈህ ዕለፍ።»

ነጥቦቹ እየዞሩ፣ እየዞሩ ሄደው የመጨረሻው ከመጀመሪያው ጎን ልክ በቦታው ሲያርፍ፣ ክቡ ገጠመ። ዛፉ መሐሉ ላይ ጥላውን ጥሎ ቆሟል፤ ለማን ሲባል ይህ ሁሉ ሰው እንደተራወጠ የሚያውቅም አይመስል። ቱንቢ ክቡን በእግሩ ዞረው። አንዴ ዞረ፣ ቆመ፣ ደግሞ ዞረ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ክብ መሐሉን ሳይነኩ ሲወጣ አይቶ አያውቅም። ሲመለስ ልጅቷ ፊት ቆመና ሄልሜቱን ከራሱ ላይ ነካ አደረገ። እሱ ዘንድ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ባለ መጋዙ መጋዙን መልሶ በጆንያው እየጠቀለለ በእትዬ ጫፍ አጠገብ ሲያልፍ ቆም አለ።

«እኔ እዚህ እንግዳ ነኝ እናቴ» አለ። «ያቺ ድሮን የምታበርረው ልጅ የማን ናት? አሳዳጊዋ የተባረከ ነው።»

እትዬ ጫፍ ከባለ ሦስት እግሯ አጠገብ ንቅንቅ ሳትል፣ አውራ ጣቷን ከፍ አድርጋ አሳየችው።

«የኔ ናት» አለች። «ጫፏን የያዝኩላት እኔ ነኝ።»

ከማዶ ቱንቢ ሰምቷት ኖሮ፣ ዞር ሳይል፣

«አሥር ቀንስላት» አለ።